የአርባ ቀን ስም

ናዝሬት የግፊት መለኪያውን ጨርቅ በእናቷ ክንድ ላይ ጠቅልላ፣ ሁለት ጣቷን በጨርቁና በቆዳው መካከል አስገብታ አለመጥበቁን አየችና ቁልፉን ተጫነች። መሣሪያው እያጓራ አየር መሙላት ጀመረ። እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ከኮርኒሱ ማዕዘን ላይ ተክላለች። መለኪያው ሲሠራ ማውራት አይፈቀድም፤ ሐኪሙ ነው የከለከለው። ስለዚህ በየጠዋቱ ለአንዲት ደቂቃ ያህል እናትና ልጅ በትእዛዝ ዝም ይላሉ። ናዝሬት ከቀኑ ሁሉ የምትወዳት ይህችን ደቂቃ ነበር። በዚህች ደቂቃ ውስጥ አይዋሽም።

«ስንት አለ?»

«መቶ ሃምሳ ስምንት በዘጠና ሁለት። ከትናንቱ ይሻላል፣ እማ።»

«እሱ ምን ያውቃል» አለች እናቷ፣ እጅጌዋን ወደ ታች እየሳበች።

ናዝሬት ቁጥሩን በደብተሩ ላይ አሰፈረች። የመሣሪያው መስኮት ላይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማታ ስትመለስ አራት ባትሪ መግዛት እንዳለባት ለራሷ ነገረች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሲግናል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አራት አባወራ የሚጋራው ግቢ ውስጥ። የመጀመሪያው ክፍል ሶፋና ቁምሳጥን ይዞ ጠቧል። ሁለተኛው የእናቷ መኝታ ነው፤ አልጋው ባዶውን ቆሟል፤ ከወር በላይ ማንም አልተኛበትም። ወገቤን አሞኛል፣ ጠንካራ ነገር ላይ ልተኛ ብላ እናቷ ፍራሹን ወለል ላይ አስወርዳዋለች። ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ የወንድሟ የቢንያም ቡናማ ጃኬት ተሰቅሏል። እናቷ እሑድ እሑድ አውርዳ ታራግፈውና መልሳ ትሰቅለዋለች።

ቢንያም ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበር፤ ጋምቤላ ከከተማ ርቆ ካምፕ ውስጥ ሳለ ትኩሳት ያዘው፣ በአራተኛው ቀን ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት። ወሬው አዲስ አበባ የደረሰው በሞተበት ዕለት ነው፤ እናቱ ግፊቷ አሻቅቦ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ በወጣች ማግስት። ሐኪሙ ለጊዜው ምንም የሚያስጨንቅ ነገር እንዳትሰማ፣ ብትሰማ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። የእናቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ አካሉ ሲ.ኤም.ሲ ባለው ቤታቸው ዘመድ ሰብስበው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ካለቀሱና ካስለቀሱ በኋላ፣ መርዶው እስክትጠና ድረስ እንዲቆይ ወሰኑ። ሁሉም ማለ። የዕድሩ ሰዎችም ተነገራቸው። ልጁ መቼ ነው የሚዳረው፣ እኛ መቼ ነው የምንበላው እያለች ስታገኛቸው ሁሉ ትነዘንዝ የነበረችው ጎረቤታቸው እትዬ በለጡ እንኳን ከዚያ ቀን ወዲህ የቢንያምን ስም አንድም ቀን አላነሳችም። ናዝሬት ለዚህ በልቧ ታመሰግናት ነበር።

ከጋምቤላ አንድ ቦርሳና አንድ ስልክ መጣ። ቦርሳው ሲ.ኤም.ሲ ቀረ። ስልኩን ናዝሬት ወሰደችው። መገናኛ፣ በምትሠራበት የመድን ድርጅት፣ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቻርጀር ሰክታ አስቀምጣዋለች። በሳምንት ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት መሳቢያውን ከፈት ታደርግና በወንድሟ ስልክ ለእናቷ ስልክ መልእክት ትጽፋለች፦ ኔትወርክ የለም፣ መደወል አልቻልኩም፣ ደህና ነኝ። ማታ ቤት ገብታ ያንኑ መልእክት እንደ አዲስ ታነብላታለች፤ የእናቷ ዓይን በሞራ ስለተጋረደ ጽሑፍ አይለይም። እናቷ መልሱን በቃሏ ትላለች፣ ናዝሬት ጽፋ ትልካለች። በማግስቱ መሳቢያውን ስትስብ የራሷ እጅ የጻፈው መልእክት በሞተ ሰው ስልክ ላይ አብርቶ ይጠብቃታል። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እህትህ እህል ትታለች። አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች። ትብላ በላት።» ናዝሬት ይህን አንብባ መሳቢያውን ቆልፋ መጸዳጃ ቤት ገብታ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የለመደችው ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ የጨመረው ሌላ ነገር ነው። ለአርባው ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግለት ቢንያም ክርስትና ወደተነሣበት እንጦጦ ማርያም ሄዳ አገልጋዩን መምሬ ልደቱን አነጋግራ ነበር። ቄሱ ገና ተናግራ ሳትጨርስ የክርስትና ስሙን ጠየቋት። አላወቀችውም። ቢንያም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቢንያም ነበር፤ ያን ሌላ ስም ቤት ውስጥ የጠራው ሰው የለም። የክርስትና አባቱ ከሞተ ቆይቷል። ጋሽ አካሉ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ አሰቡና ጽዮን የሚል ሳይኖርበት አይቀርም አሉ። ልጁ ከተወለደ በአርባ ቀኑ የወጣለት ስም ከሞተ በአርባ ቀኑ ተፈለገ፤ የምታውቀው ደግሞ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ናት፣ እሷም ፍራሹ ላይ እጅጌዋን እያስተካከለች ነው።

«እማ» አለች ናዝሬት፣ ደብተሩን እየከደነች። «የኔ የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው አይደል?»

«ነው። ምነው?»

«እንዲሁ። መሥሪያ ቤት ቅጽ እየሞላን ነው።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። መሥሪያ ቤት የክርስትና ስም የሚጠየቅበት ቅጽ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የቢንያምስ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ናዝሬት አፍ ላይ ደረሰ። ስታወጣው ድምፅዋ እንደሚሰበር ታወቃት፤ ዋጠችው። እናቷም ምን ዓይነት ቅጽ ነው አላለችም። «ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ» ብቻ አለች።

መሥሪያ ቤት ስትደርስ ሠራተኛው ሁሉ አራተኛ ፎቅ አዳራሽ ተጠርቷል። ስለ ሥራ ቦታ ጭንቀት መንስኤና መቆጣጠሪያ መንገድ ሥልጠና አለ። በእያንዳንዱ ወንበር ፊት አንድ ውኃ፣ አንድ ብስኩትና አንድ ወረቀት ተቀምጧል። ባልደረባዋ ዳርቱ ብስኩቱን ከመቀመጧ በፊት ቀደደችው። አሠልጣኙ አቶ ሰላሙ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። የጭንቀት መንስኤ ሁልጊዜ ትልቅ ነገር እንዳልሆነ፣ የሥራ ብዛት፣ የትራንስፖርት ሰልፍ፣ የቤት ኪራይ፣ ያልተነገረ ነገር፣ ሁሉም በሰውነት ውስጥ አንድ ቦታ እንደሚጠራቀም አስረዱ። ትንፋሽ በአፍንጫ እስከ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ በአፍ ማስወጣት። አዳራሹ በሙሉ ተነፈሰ። ከኋላ አንድ ሰው ከደሞዝ ጭማሪ ይልቅ አየር ሰጡን ብሎ ሲያንሾካሹክ ሳቅ ሆነ፣ አቶ ሰላሙም አብረው ሳቁ።

ወረቀቱ በሦስት ዓምድ ተከፍሏል፤ የሚያስጨንቀኝ፣ በሰውነቴ ላይ የሚታየው፣ በእጄ ያለው መፍትሔ። ናዝሬት ከመሐለኛው ጀመረች። ሌሊት ጥርስ ማፋጨት። ሚዶ ላይ የሚቀር ጸጉር። ስልክ ሲጮህ የሚመታ ልብ፣ የማንም ስልክ ቢሆን። የምግብ ሽታ። ቦታው ሞልቶባት ፊደሏን አሳነሰች። ወደ መጀመሪያው ዓምድ ስትመለስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቢንያም ብላ ብትጽፍ ዳርቱ አጠገቧ ናት። እናቴ ብላ ብትጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆናል። አቶ ሰላሙ በመደዳው መካከል ሲያልፉ ባዶውን ዓምድ አይተው ቆም አሉና፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ መንስኤውን ያልጻፈ ሰው መፍትሔው ጋ አይደርስም፣ ግን ዛሬ ካልሆነ ቤትሽም መጻፍ ትችያለሽ አሏት። ወረቀቱን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በምሳ ሰዓት መሳቢያውን ከፍታ እንደወትሮው ጻፈች። «እማ እንደምን ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ በርትቷል። መድኃኒትሽን ውሰጂ።» ዳርቱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገቷን አሰገገች።

«ያ ሰውዬሽ ዛሬም ከመሳቢያ አልወጣም? አንድ ቀን ሻይ እንኳን ጋብዢው እንጂ።»

ናዝሬት ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዳርቱ ቀልዷ የት እንዳረፈ ባታውቅም ያረፈበትን ፊት አየች፤ ወንበሯን መልሳ ሳበችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። በስድስት ኪሎ አድርጋ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገቱን በሚያቃስት ሚኒባስ እንጦጦ ማርያም። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከጎኗ የተቀመጡት ሴት ማርያም ማርያም ይላሉ። ከላይ ብርዱ ሌላ ነው፤ ባሕር ዛፉ በነፋስ ያፏጫል፣ ከከተማው ልብስ ላይ አንድ ጃኬት መጨመር ያስፈልጋል። መምሬ ልደቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለችው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የጥላ ዘርፍ ይሰፋሉ። የጥላውን ግማሽ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ክር ለማስገባት ይታገላሉ። ናዝሬት ክሩን ተቀብላ አስገባችላቸው።

«አመጣሽው?» አሉ።

አላመጣችም። እናቱን መጠየቅ አልቻልኩም፣ ከጠየቅኳት ይገባታል፣ ከገባት ደግሞ ልትሞትብኝ ትችላለች ብላ ነገረቻቸው። ቢንያም ተብሎ ቢጸለይለት ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ቄሱ ጥላውን ሁለት ሦስት ጊዜ በመርፌ ወጉ።

«እግዚአብሔርማ አይጠፋውም» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ነው አፌን የሚይዘኝ። እዚህ ደጅ በአንድ ስም ተቀብለነው በሌላ ስም መሸኘት…» ዓረፍተ ነገሩን ትተው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ከተገኘ ስልካቸው ላይ እንድትጽፍላቸው፣ ሴት ልጃቸው እንደምታነብላቸው፣ ካልተገኘም በተጠራበት እንደሚጸልዩ ነገሯት። ስትነሣ «እናትሽ እንዴት ትተኛለች?» ብለው ጠየቋት። ወለል ላይ፣ ወገቧን ያማታል አለች። መምሬ ልደቱ ቀና ብለው አዩዋት።

ከመንገዱ ዳር ቆማ ከተማዋን ቁልቁል አየች። የካ በሙሉ ከእግሯ ሥር ነው፤ የሲ.ኤም.ሲ ጣሪያዎች፣ ያላለቁ ሕንጻዎች፣ ከመሐላቸው የማይታየው ሲግናል። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የማይመጣ ሰው መልእክት ትጠብቃለች። ናዝሬት እስከ አራት ቆጥራ አየር አስገባች። ለማውጣት ስትቆጥር ከሦስት አላለፈችም።

ሠፈሯ ስትደርስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። ከሱቁ አራት ባትሪ ገዛች፤ ባለሱቁ ዋጋው ከትናንት ወዲህ ጨምሯል ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ግቢው በር ላይ እትዬ በለጡ ከእነሱ ቤት ስትወጣ ተገናኙ። እንዴት ዋልሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እናትሽ ዛሬ ትንሽ ቀማምሳለች አለቻት፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ገባች።

እናቷ ፍራሹ ላይ ናት። መብራት በርቷል። አጠገቧ ታጥቦ የታጠፈ ነጠላ ተቀምጧል። ናዝሬት ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ባትሪዎቹን ቀየረች፤ የእናቷን ስልክ አንሥታ፣ ያንን ቀለል ያለ ድምፅዋን ፈልጋ አገኘችና መልእክቱን አነበበች። ሙቀቱ በርትቷል። መድኃኒትሽን ውሰጂ። እናቷ እንደወትሮው ራሷን ነቀነቀች።

«መልስ ልጻፍለት?»

«ጻፊለት።» እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ለልጄ ለፍሥሐ ጽዮን በይ።»

የናዝሬት አውራ ጣት ፊደሎቹ ላይ ቀረ።

«ጻፊ እንጂ። ለልጄ ለፍሥሐ ጽዮን። ነገ አርባህ ነው።»

ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ማስታወቂያ ነው። ናዝሬት የምታየው የእናቷን እጅ ብቻ ነበር። አንገቷ ላይ ያለው ሥር፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ደም፣ ሐኪሙ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። መለኪያውን ለማንሣት እጇን ስትሰድ እናቷ ያዘቻት።

«ተይው እሱን።»

«እማ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። በለጡ ስለሱ መጠየቅ ተወች። አንድ ቀን ሁላቸውም ተዉ፤ አርባውን የቆጠርኩት ከዚያች ቀን ነው። በሕይወት ስላለ ልጅ ሰው ይጠይቃል።» ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ፍራሹን ያወረድኩት ወገቤን ብዬ መሰለሽ?»

ናዝሬት ፍራሹን እንደ አዲስ አየችው። ሐዘንተኛ ወለል ላይ እንደሚተኛ ለማንም አይነገርም፤ እሷም ታውቃለች። ከወር በላይ በየጠዋቱ እዚህ ሐዘን ላይ ተንበርክካ ስትለካ፣ ቁጥር ስትጽፍ ነው የኖረችው። ለምን ዝም እንዳለች እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ መልሱን ቆራርጣ ነው የነገረቻት። ካልተረዳች ማልቀስ አትችልም፤ መርዶ ያልተነገራት ሴት በምን ብላ ታልቅስ። ዘመዱ ሁሉ ለእሷ ብሎ አፉን ይዟል፤ አውቃለሁ ብትል የሚያፍሩ መሰላት። ደግሞም በሳምንት ሁለት ቀን ይጽፍላት ነበር። የልጇ እጅ እንዳልሆነ ብታውቅም፣ ማታ ሲነበብላት ለዚያች ያህል ጊዜ ሕያው ነበር። ናዝሬትም ስትጽፍ ወንድም ነበራት።

«እህትህ ትብላ ስል ለማን የምልክ መሰለሽ?» አለች።

ናዝሬት የእናቷን ስልክ ፍራሹ ላይ አኖረችው።

«ሐኪሙ አትጨነቅ አለ እንጂ አታልቅስ አለ?» እናቷ ነጠላውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። «በይ ንገሪኝ አሁን። ማልቀስ የምችለው ሰው ከነገረኝ ነው።»

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ ነው። ናዝሬት ብቻዋን ናት፣ ጊዜው ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልሆነም፣ ጎረቤት ማስታወቂያ ይታያል።

«ቢንያም ሞቷል፣ እማ።»

እናቷ ነጠላውን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙራ ለበሰችው። ከዚያ አለቀሰች። አልጮኸችም፤ አርባ ቀን የተጠራቀመ እንባ በድምፅ አይወጣም ይሆናል። ስሙን እየጠራች፣ አንዴ በቤት ስሙ አንዴ በዚያ በሌላው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች በቀስታ አለቀሰች። ናዝሬት መጀመሪያ የእናቷን አንገት፣ የከንፈሯን ጠርዝ፣ የእጇን ጣቶች ትከታተል ነበር፤ አንድ ነገር ቢዛባ ልትሮጥ። ቆይታ መከታተሉን ተወች። ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ የማን እንባ በማን እጅ ላይ እንደሚወርድ አልለየችም።

ሲበርድላቸው እናቷ ፊቷን በነጠላው ጫፍ ጠረገች። ለአካሉ ደውዪለት አለች፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጣ፣ እንደ ደንቡ ያርዱኝ፣ እኔም እንደማላውቅ ሆኜ እቀበላቸዋለሁ። ለፍተዋል። ናዝሬት ከቦርሳዋ የሥልጠናውን ወረቀት አውጥታ ፍራሹ ላይ ዘረጋችው። ባዶው ዓምድ ላይ ፍሥሐ ጽዮን ብላ ጻፈች፤ አንብባ ለእናቷ አሰማቻት፣ እናቷ ልክ ነው አለች። ስሙን ወደ መምሬ ልደቱ ስልክ ላከችው። ጥቂት ቆይቶ ደርሶናል፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ የሚል መልስ ከልጃቸው መጣ። ከዚያ ወደ እናቷ ስልክ ተመለሰችና የተጀመረውን መልእክት እንደተነገራት ጨርሳ ላከችው። መገናኛ ላይ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ በገባበት ቢሮ፣ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ አንድ ብርሃን ለጥቂት ሰከንድ እንደሚበራ ታውቃለች። ነገ ሄዳ አትከፍተውም።

«አምጪው እስቲ ያን» አለች እናቷ፣ ወደ መለኪያው እየጠቆመች። ናዝሬት ክንዷን ይዛ ጨርቁን ልትጠቀልልላት ስትል እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ያንቺን።»

እናቷ ዓይኗ አጥርቶ ባያይም በእጇ ዳሰሳ ጠቀለለችላት፤ ሁለት ጣቷን አስገብታ አለመጥበቁን አየች፤ ቁልፉን ፈልጋ ተጫነች። መሣሪያው አጓራ። ሁለቱም ዝም አሉ።

«ስንት አለ?»

«ላይኛው መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ታችኛው መቶ።»

«ጻፊው። ከኔው ሥር ጻፊው። ለምርመራ አብረን ነው የምንሄደው።»

ናዝሬት በደብተሩ ላይ ከጠዋቱ ቁጥር ሥር አሰፈረችው። ከዚያ ጨርቁን ከክንዷ ፈታች፤ በመዳፏ ተጭና የቀረውን አየር አስወጣች፤ ቱቦውን አጥፋ ጠቀለለችውና ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን ገጥማ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።